ጦርነት የሚቃወም ተፎካካሪ በፕራይመሪ ነባሩን ተመራጭ ለክርክር የሚያስቀርበው በምን መንገድ ነው?

ሐይቅ ዳር (ክሩን የከፈተ)

በአሜሪካ የፓርቲ ውስጥ ምርጫ፣ በተለምዶ ፕራይመሪ በምንለው፣ ጦርነትን ተቃውሞ የተነሣ ተፎካካሪ ገና ሲጀምር የሚገጥመው ችግር ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ለክርክር አለመቅረቡ ነው። ነባሩ ተመራጭ ስሙ ይታወቃል፣ ገንዘብም አለው። አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን መቆም የሚጠቅመው የማይታወቀውን ሰው ነው። በዚያ ላይ ለጦርነቱ የሰጠው ድምፅ በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ ስላለ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ተመራጭን ለክርክር የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ስለዚህ ተፎካካሪው ያለው መንገድ አንድ ነው፦ መቅረት ከመቅረብ የባሰ እንዲያስከፍል ማድረግ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2006 በኢራቅ ጦርነት ጊዜ ጎረቤት በሆኑ ሁለት ግዛቶች የሆነውን ማነጻጸር ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኮነቲከት ጆ ሊበርማን ከ1989 ጀምሮ ሴናተር ነበሩ፤ በ2000 የዴሞክራቶች ምክትል ፕሬዚዳንታዊ እጩም ነበሩ። ጦርነቱን በግልጽ ይደግፉ ነበር። ኔድ ላሞንት ተነሡባቸው። ሁለቱ ጁላይ 6 ቀን በቴሌቪዥን ተከራከሩ፤ ኦገስት 8 ላሞንት 146,404 ለ136,490 አሸነፉ፤ በመቶኛ 52 ለ48 መሆኑ ነው።

በኒውዮርክ ደግሞ ጆናታን ታሲኒ ሂላሪ ክሊንተንን በዚያው ጦርነት ጉዳይ ተገዳደሩ። በአንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት 13 በመቶ አግኝተው ነበር። ክርክሩን ሊያዘጋጅ የነበረው ኒውዮርክ ዋን የተባለው ጣቢያ ግን ሁለት መስፈርት አወጣ፤ በጥናት 5 በመቶ ማግኘት፣ እንዲሁም 500,000 ዶላር መሰብሰብ ወይም ማውጣት። ታሲኒ አንደኛውን አለፉ፣ ሁለተኛው ላይ ወደቁ። ክርክር አልተደረገም። ሴፕቴምበር 12 ውጤቱ ወደ 84 ለ16 ሆነ።

ልዩነቱን የፈጠረው ምንድን ነው ትላላችሁ? ገንዘብ ብቻ ነው?

---

የደንብ መዝገብ

በመስፈርቱ ልጀምር፤ ብዙ ዘመቻዎች የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው።

የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን (ኤፍኢሲ) ደንብ ክርክር ማዘጋጀት የሚችሉትን ለይቶ ይናገራል። አንደኞቹ ማንንም እጩ ወይም ፓርቲ የማይደግፉና የማይቃወሙ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ጣቢያዎች፣ ጋዜጦችና መጽሔቶች ናቸው። ክርክሩ ቢያንስ ሁለት እጩ ይኑረው ይላል፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ አይቀረጽ ይላል። ተሳታፊ የሚመረጠውም አስቀድሞ በተቀመጠና በሚለካ መስፈርት መሆን አለበት። በፕራይመሪ ደግሞ መድረኩን የአንድ ፓርቲ እጩነት ለሚፈልጉ ብቻ መክፈት ይፈቀዳል።

«አስቀድሞ የተቀመጠ» የሚለውን ልብ በሉ። የገንዘብ ልክ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። መስፈርቱ ከወጣ በኋላ መጮኽ ዜና ሊሆን ይችል ይሆናል፣ በር ግን አይከፍትም። ሥራው መስፈርቱ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከምርጫው አራትና አምስት ወር ቀድሞ ለየጣቢያው በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ መስፈርታችሁ ምንድን ነው? የየትኛውን ተቋም ጥናት ትቀበላላችሁ? የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? የገንዘቡ ልክ የሚታየው በየትኛው ሪፖርት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ አይደለም። የኮንግረስና የሴኔት እጩዎች በምርጫው ዓመት ሪፖርት የሚያስገቡት ኤፕሪል 15፣ ጁላይ 15 እና ኦክቶበር 15 ነው። ከፕራይመሪው በፊት ደግሞ ምርጫው 12 ቀን ሲቀረው የሚገባ ሪፖርት አለ፤ እሱም የሚሸፍነው ምርጫው 20 ቀን እስኪቀረው ያለውን ነው። ጣቢያው ጁላይ 10 ቀን ከወሰነ በጁን መጨረሻ የዘጋው ሩብ ዓመት ገና በይፋ አይታይም፣ የሚታየው የማርች ብቻ ነው። ስለዚህ «ሪፖርት ባይወጣም በገንዘብ ያዣችን የተፈረመ ማረጋገጫ ትቀበላላችሁ?» ብሎ አስቀድሞ ማስጻፍ ይገባል።

---

አዲስ መራጭ

ጣቢያዎች ለእጩዎች እኩል ሰዓት መስጠት አለባቸው የሚል ሕግ የለም እንዴ? ታሲኒ በዚያ መጠየቅ አይችሉም ነበር?

---

የደንብ መዝገብ

ሕጉ አለ፤ የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 315 ነው። ክርክር ላይ ግን አይሠራም። በ1959 ኮንግረስ ዜናን፣ የዜና ቃለ መጠይቅንና በቦታው የሚዘገቡ የዜና ክንውኖችን ከግዴታው አወጣ። በ1975 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ሌላ አካል ያዘጋጀው ክርክር ሲተላለፍ እንደ ዜና ክንውን ይቆጠራል አለ። በ1983 ደግሞ ጣቢያው ራሱ ቢያዘጋጀውም ያው ነው አለ። የመንግሥት ጣቢያም ቢሆን ከአድልዎ ነፃ በሆነ የጋዜጠኝነት ሚዛን እጩን ማስቀረት እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 በአርካንሶው የፎርብስ ጉዳይ 6 ለ3 ወስኗል።

ሕጉ የሚሠራው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ነባሩ ተመራጭ ከዜና ውጭ በሆነ ፕሮግራም በነፃ ሰዓት ካገኘ፣ በዚያው ፕራይመሪ ያለ ተፎካካሪ ተመጣጣኝ ሰዓት መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ግን ከስርጭቱ በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በስምንተኛው ቀን የመጣ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። አንድ በጎ ፈቃደኛ የነባሩን ተመራጭ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ገጽታ በየቀኑ እንዲመዘግብ መመደብ ያለበት ለዚህ ነው።

ማስታወቂያ ለመግዛትም የፌዴራል እጩ ከሌላው የተሻለ መብት አለው። ጣቢያው የማስታወቂያውን ቃል ሳንሱር ማድረግ አይችልም፤ ፕራይመሪው 45 ቀን ሲቀረው ጀምሮም በዝቅተኛው ዋጋ ማስከፈል አለበት። ክርክር የተከለከለ ሰው «ለምን አይቀርቡም?» የሚለውን ጥያቄ በ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ሊያቀርበው ይችላል።

---

ቁጥር ቆጣሪ

ደንቡ ትክክል ነው። ኮነቲከት ላይ የተፈጠረውን ግን ደንብ አይገልጸውም። ላሞንት ከኪሳቸው ሚሊዮኖች አውጥተዋል፤ የገንዘብ መስፈርት ቢመጣም የሚያልፉት ነበር። ይህን ሳይናገሩ ሁለቱን ማነጻጸር ታሲኒን መበደል ነው።

ቢሆንም ገንዘቡ ብቻውን ሊበርማንን አላመጣቸውም። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። በኮነቲከት ፕራይመሪ ለመግባት ወይ በፓርቲው ጉባኤ ከደሊጌቶች (ድምፅ ከሚሰጡ ተወካዮች) የ15 በመቶ ድጋፍ ወይ ከፓርቲው አባላት የ2 በመቶ ፊርማ ያስፈልጋል። በሜይ ጉባኤ ላሞንት ከደሊጌቶቹ ሲሶ ያህሉን አገኙ። እነዚህ ደሊጌቶች የየከተማው የፓርቲ ሠራተኞች ናቸው፣ ነባሩን ሴናተር በአደባባይ መቃወም የሚያስከፍላቸው ሰዎች። ሲሶው ሲነሣ ጉዳዩ የጥቂት ሰልፈኞች ነው ማለት አከተመ። ጁላይ 3 ቀን ሊበርማን ፕራይመሪውን ቢሸነፉ በግል ለመወዳደር ፊርማ እንደሚያሰባስቡ አስታወቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ክርክሩ ሆነ። ነባር ተመራጭ ወደ ክርክር የሚመጣው የራሱ ጥናት ልዩነቱ መጥበቡን ሲነግረው ነው፤ ያኔ እሱም ተፎካካሪውን መምታት ይፈልጋል። ሊበርማን በዚያ ምሽት ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ ላሞንት የግብር ሰነዳቸውን እንዲያወጡ ጠየቁ፣ ራሳቸው ጆርጅ ቡሽ እንዳልሆኑም ተናገሩ።

ስለዚህ «ክርክር ይደረግ» የሚለው ዘመቻ ከደሊጌትና ከፊርማ ሥራ ተነጥሎ ከተጀመረ ባዶ ነው። የኒውዮርኩ ሕግ ለግዛት አቀፍ ፕራይመሪ 15,000 ፊርማ ይጠይቃል፤ ታሲኒ ያንን በእጅጉ አልፈው ነበር። የጎደላቸው እምቢታው ክሊንተንን አንዳች ነገር የሚያሳጣበት ሁኔታ ነው። በ13 በመቶ ያ ሁኔታ አይፈጠርም።

---

ሰፈረ ሰላም

ክርክር ሳይኖር የሆነም አለ። ዩጂን ማካርቲ በኖቬምበር 1967 መጨረሻ በቬትናም ጦርነት ምክንያት በፕሬዚዳንት ጆንሰን ላይ ሲነሡ ክርክር አላገኙም። ጆንሰን በኒው ሃምፕሻየር በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ስማቸው እንኳ አልነበረም፤ ደጋፊዎቻቸው ስማቸውን በእጅ እየጻፉ ነበር የመረጧቸው። ማርች 12 ቀን 1968 ጆንሰን 49፣ ማካርቲ 42 በመቶ አገኙ። ከ24 ደሊጌት ግን 20ው የማካርቲ ሆኑ። ምክንያቱ ተራ የድርጅት ሥራ ነው፦ የጆንሰን ወገን ከቦታው ቁጥር በላይ ደሊጌት አቅርቦ ድምፁን እርስ በርሱ ከፋፈለው፣ የማካርቲ ወገን ደግሞ ልኩን ብቻ አቀረበ። ማርች 31 ጆንሰን እንደማይወዳደሩ አስታወቁ።

በዚያ ዓመት ማካርቲ የተከራከሩት ከሮበርት ኬኔዲ ጋር ነው፣ ጁን 1፣ ሳን ፍራንሲስኮ፤ ኬኔዲም ያን ጊዜ ጦርነቱን የሚቃወሙ ነበሩ። ጦርነቱን ከሚመራው ሰው ጋር ፊት ለፊት መቆም ሳይሆን ቀረ።

---

ብዕር ያዥ

ወደ ተግባሩ ልግባ፤ ደብዳቤው ላይ ብዙ ስሕተት ስለሚሠራ።

የክርክር ጥያቄ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በውስጡ ሦስት ቀን፣ ሁለት አዘጋጅ፣ አንድ ፎርማት፣ አንድ የመልስ ቀን ይኑር። አንድ ቀን ብቻ ካቀረባችሁ «በዚያ ቀን ምክር ቤት ነኝ» የሚል መልስ ይመጣል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀኖቹን ከመምረጥ በፊት የምክር ቤቱን የስብሰባ መርሐ ግብር አውጥታችሁ ዕረፍት ላይ ያሉበትን ሳምንት ምረጡ። አሥር ክርክር መጠየቅም ጉዳት አለው፤ ሌላው ወገን «አሥር አይሆንም» ብሎ ያልፋል፣ ጋዜጠኛውም የድርድር ጨዋታ ያደርገዋል። ሁለት ወይም ሦስት በቂ ነው። ደብዳቤው ከእጩው ብቻ ባይመጣ ይመረጣል። አዘጋጁ ድርጅት ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል የተጻፈ ግብዣ ሲልክ እምቢታው ለተፎካካሪው መሆኑ ቀርቶ ለአዘጋጁ ይሆናል። የሴቶች መራጮች ሊግ፣ የአካባቢ ጋዜጣ፣ የኮሌጅ አዳራሽ ለዚህ የተለመዱ ናቸው።

ክርክሩን የጠየቀ የሰላም ድርጅት አስቀድሞ እጩውን ደግፌአለሁ ካለ አዘጋጅ መሆን አይችልም። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደጋፊው ድርጅት ፊርማ ያሰባስብ፣ ወደ ጋዜጣ ደብዳቤ ያስጽፍ፤ አዳራሹን ግን ሌላ ይያዘው።

ፎርማቱን በሰዓት አስሉት። ስልሳ ደቂቃ ተሰጠ እንበል፤ ለመግቢያና ለመሰናበቻ ንግግር፣ ለአከራካሪው ማስተዋወቂያ ሰባት ደቂቃ ይሄዳል፣ 53 ይቀራል። ጥያቄውን ለማንበብ 20 ሰከንድ፣ ለእያንዳንዱ መልስ 90 ሰከንድ፣ ለእያንዳንዱ ምላሽ 30 ሰከንድ ከሆነ አንድ ጥያቄ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይበላል። ጠቅላላው 12 ጥያቄ ነው። ጋዜጠኞቹ ስለ ጦርነቱ ሁለት ጥያቄ ብቻ ካዘጋጁ ጦርነቱ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላውም፤ ለዚያውም ግማሹ የነባሩ ተመራጭ ነው። በድርድር ጊዜ መያዝ ያለበት ነጥብ ይህ ነው፦ ለውጭ ጉዳይ የተለየ የ20 ደቂቃ ክፍል ይኑር፣ በዚያም ውስጥ እጩዎቹ አንድ አንድ ጥያቄ በቀጥታ ይጠያየቁ። ስለ ቀለምና ስለ ወንበር ቁመት መከራከር ይቅር፣ ይህን ግን አትልቀቁ።

ጥያቄው ራሱም ጠባብ ይሁን። «ጦርነቱን ለምን ደገፉ?» ከተባለ ነባሩ ተመራጭ ስለ ወታደሮች ጀግንነት 90 ሰከንድ ይናገርና ያበቃል። በ2006 ሊጠየቅ የሚገባው በድምፅ ቁጥር ነበር። ኦክቶበር 2002 ሴኔቱ ጦርነቱን 77 ለ23 ፈቀደ። ጁን 22 ቀን 2006 ደግሞ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። የሴናተር ኬሪና የሴናተር ፋይንጎልድ ጦሩ በተወሰነ ቀን ይውጣ የሚል ነበር፤ 13 ለ86 ወደቀ። የሴናተር ሌቪንና የሴናተር ሪድ ቀን ሳይቆርጥ በዚያው ዓመት መውጣት ይጀመር የሚል ነበር፤ 39 ለ60 ወደቀ። ሊበርማን ሁለቱንም ተቃውመዋል። «ለስላሳውን እንኳ ለምን ተቃወሙ?» የሚል ጥያቄ ማምለጫው ጠባብ ነው።

---

አዲስ መራጭ

ካልመጡስ? ባዶ ወንበር አስቀምጦ ማካሄድ ይቻላል? በብዙ ቦታ ይደረጋል።

---

የደንብ መዝገብ

ይደረጋል፣ ግን በማን ገንዘብ እንደሆነ እዩ። የኤፍኢሲ ደንብ ክርክር ቢያንስ ሁለት እጩ አለው ስለሚል፣ 501ሲ3 የሚባል (ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት) ድርጅት በራሱ ወጪ ለአንድ እጩ አዳራሽና ካሜራ ሰጥቶ ባዶ ወንበር ቢያስቀምጥ ለእጩው እንደተሰጠ ልገሳ ሊቆጠርበት ይችላል። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም (አይአርኤስ) እንዲህ ያለ ድርጅት በምርጫ ውስጥ ለማንም እንዳይወግን ይከለክላል። ጥንቃቄ ያለው አዘጋጅ በግብዣው ላይ «አንድ እጩ ብቻ ከተገኘ ዝግጅቱ ይሰረዛል» ብሎ ይጽፋል። ነባሩ ተመራጭ ይህን ካነበበ ደግሞ በመቅረት ብቻ ዝግጅቱን ማፍረስ እንደሚችል ያውቃል። ከባድ ነው፤ መፍትሔው ግን አለ።

ዘመቻው አዳራሹን ራሱ ይከራይ፣ በገበያ ዋጋ፣ ደረሰኝ ይዞ። «ክርክር» አይበለው፣ የሕዝብ ውይይት ይበለው። ወጪው የማን እንደሆነ በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ከዚያ ወንበሩን ማስቀመጥ ይችላል። ወንበሩ ግን የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ የተመራጩን የድምፅ መዝገብ በትልቁ አትሞ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ካሜራው የሚያነበው ነገር ያገኛል።

---

ብዕር ያዥ

ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። በሜሪላንድ አራተኛው ዲስትሪክት፣ ፕሪንስ ጆርጅስንና የሞንትጎመሪን ከፊል በያዘው፣ ዶና ኤድዋርድስ በ2006 ለኢራቅ ጦርነት ድምፅ የሰጡትን አልበርት ዊንን ተገዳድረው በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 ተመልሰው 59 ለ37 አሸነፉ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ካውንቲዎች ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበረሰብ ማዕከል የእጩዎች መድረክ ማዘጋጀት ይችላል። ሁሉንም መጋበዝ፣ ጥያቄዎቹ በብዙ ርእስ ላይ እንዲሆኑ ማድረግ፣ አከራካሪው ወገን የማይለይ መሆኑ ግዴታ ነው። ካህኑ ወይም ሰብሳቢው በመዝጊያው «እገሌን ምረጡ» ካለ ግን ድርጅቱን አደጋ ላይ ይጥለዋል።

ትርጉም ካለ ሰዓቱን ደግማችሁ አስሉ። እጩው ተናግሮ ከዚያ አስተርጓሚ ከተናገረ የ60 ደቂቃው ክርክር ስድስት ጥያቄ ብቻ ይይዛል። በጆሮ ማዳመጫ በአንድ ጊዜ መተርጎም ይሻላል፣ ሁለት አስተርጓሚ በየ20 ደቂቃው እየተለዋወጡ። ቃላቱም አስቀድሞ ይጻፉ። ጦርነትን የሚፈቅድ ድምፅና ለጦሩ በጀት የሚሰጥ ድምፅ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱንም «ጦርነቱን ደገፈ» ብሎ መተርጎም ነባሩን ተመራጭ ያለ አግባብ ይጎዳል፤ በ2002 ጦርነቱን ተቃውመው በኋላ ለበጀቱ ድምፅ የሰጡ ነበሩና።

---

ሐይቅ ዳር

ይህ ትልቅ ነጥብ ነው፣ አመሰግናለሁ። በኢትዮጵያ የ1997ቱን (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ምርጫ የቴሌቪዥን ክርክር የሚያስታውሱ አንባቢዎች ይህን ከዚያ ጋር እንዳያምታቱት እፈልጋለሁ። ያ ክርክር ፓርቲ ከፓርቲ ነበር። በፕራይመሪ ሁለቱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ስለሆኑ በትምህርት ቤት፣ በጤና፣ በግብር ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ ልዩነቱ ጦርነቱ ላይ ይጎላል። ፓርቲው ራሱም ስለዚህ ክርክሩ እንዲደረግ አይጓጓም።

---

ቁጥር ቆጣሪ

መራጩ ማን እንደሆነም አይዘንጋ። በኮነቲከት ፕራይመሪው ዝግ ነው፤ የሚመርጡት የተመዘገቡ ዴሞክራቶች ናቸው። ሜሪላንድም እንዲሁ፤ ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ከምርጫው ሦስት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ከዚያ ቀን በኋላ ከተደረገ ያሳመናቸው ሰዎች መግባት አይችሉም። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ ይህ ችግር የለም። ሦስቱን ቀኖች ስትመርጡ ቢያንስ አንዱ ከመዝገብ መዝጊያው በፊት ይሁን።

---

አዲስ መራጭ

ላሞንት አሸንፈው እንኳ ሴናተር አልሆኑም አይደል?

---

ቁጥር ቆጣሪ

አልሆኑም። ሊበርማን በነጋታው፣ ኦገስት 9 ቀን፣ ለግል ተወዳዳሪ የሚፈለገውን 7,500 ፊርማ አስገቡ፤ በኖቬምበር ወደ 50 በመቶ አገኙ፣ ላሞንት 40፣ ሪፐብሊካኑ አለን ሽሌሲንገር 10። በብዙ ግዛቶች በፕራይመሪ የተሸነፈ ሰው በዚያው ዓመት በግል እንዳይወዳደር የሚከለክል ሕግ አለ፤ በኮነቲከት አልነበረም። ተፎካካሪው ዘመቻ ሲጀምር የግዛቱን ሕግ በዚህ ነጥብ ላይ ያንብብ። ክልከላ ከሌለ በፕራይመሪው ክርክር ላይ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ለዚህ ይዋል፦ «ቢሸነፉ የፓርቲውን እጩ ይደግፋሉ?» መልሱ የሚቀረጸው ሁሉም ዴሞክራት እያየ ነው፤ ለኖቬምበርም ይቀመጣል።